የሳሎን ደብዳቤና የወፍጮ ቤት ደብዳቤ

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ፣ ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ፣ ጉልበትህስ፣ ስትስቅ የምታንቅህ ሳልስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱን ካልቆጠርነው እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ አድራሻ የላክሁት ለምን እንደሆነ ፖስታውን ሳትቀደው ገብቶሃል። ቤት ከመጣ እንደ ደንባችን እማዬ ፊት ጮክ ብለህ ታነበዋለህ፤ ይሄ ደግሞ ጮክ ተብሎ የሚነበብ አይደለም። ስለ መኪናዋ ነው። የተከራየሁትን ክፍል ከለቀቅሁ ወዲህ እንደምኖርባት ከአንተ በቀር የሚያውቅ ዘመድ የለም። ከኋላዋ አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሣጥን ስላላት «ቀንድ አውጣ፣ ቤቷን ተሸክማ የምትዞር» ብለህ ስም ያወጣህላት አንተው ነህ።

ቀንድ አውጣዋ ታማብኛለች። ናፍጣ እያነደደ ሞቃት አየር የሚነፋ ትንሽ ማሞቂያ አልጋው ሥር አለ። የድሮው ባለቤቷ የማሞቂያውን ናፍጣ የወሰደው የሞተሩን ቱቦ ቆርጦ፣ እሱ ላይ ቀጥሎ ነው። ማሞቂያውን ለኩሼ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል። የማድረው ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ነው፤ አለቃዬ ከመግባቱ በፊት መኪናዋን ካላነሳሁ ማደሪያዬን ያውቅብኛል። ስለዚህ ምርጫዬ ወይ መሞቅ ወይ መነሳት ሆኗል። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ በእንፋሎት እቀቀላለሁ፤ ማታ የራሴን አንሶላ ስገልጠው ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ለማሞቂያው ለብቻው ናፍጣ ላድርግለት ይሆን? አድርጌስ የት ላስቀምጠው? እዚህ ያሉት ባለሙያዎች ቀጠሮ እንጂ መልስ የላቸውም። አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።

ሌላም አለ። እማዬ የሳሎንሽን መስኮት ስፋት ላኪልኝ፣ መጋረጃ እሰፋልሻለሁ ብላኛለች። የትኛውን ሳሎን ልለካላት? አንሶላ ከማደርስበት ሆቴል አንዱ ክፍል ገብቼ መስኮቱን ለካሁና ላክሁላት። ስለካ ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። ጋሼ፣ እማዬን መዋሸት እየለመደኝ መጥቷል፤ መልመዴ ነው ያስፈራኝ።

ጉልበትህን ስማ የምትሰናበትህ፣
የእህትህ ልጅ

---

ጥቅምት 27 ቀን
ከወፍጮ ቤት

ለምወድሽ ልጄ፤

ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ የሄድሽበት መንገድ ይቅናልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ዱቄት ብታገኚ አራግፈሽ ለዳቦ አጠራቅሚው።

የቀንድ አውጣዋ በሽታ ገብቶኛል። አየር ነው። ማሞቂያው ናፍጣ ሲስብ በቅጥያው በኩል አየር ይገባል። ናፍጣና አየር ደግሞ እንደ አማትና ምራት ናቸው፤ አንድ ቱቦ ውስጥ ገብተው ሰላም አያድሩም። ቅጥያውን ንቀይና የሞተሩን መስመር በአዲስ ቱቦ መልሺለት። ማሞቂያው የራሱ ትንሽ የናፍጣ ጋን ይኑረው።

ጋኗን ከላይ አድርጊያት። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ እንዳትንቀሳቀስ በብረት ታስራ። የእኔን ወፍጮ ሞተር ስታዪ ነው ያደግሽው፤ ጋኑ ከግድግዳው ላይ ነው፣ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ነገር ሁሉ ወደ ታች ሲሄድ ቀላል ነው። መሀል ላይ ማጣሪያ አስገቢበት። ጭስ ማውጫው በወለሉ በኩል ወደ ውጭ መውጣቱን ደጋግመሽ እዪ። ያ ጭስ ወደ ውስጥ ከገባ ተኝተሽ ነው የሚወስድሽ፤ ይህን እንደ ቀልድ አትዪው።

አሁን ደግሞ የሆዴን ልንገርሽ። እናትሽ እታለም መጋረጃውን ጀምራዋለች። የላክሽላትን ልክ ስታይ «እንዲህ ያለ መስኮት የባለሥልጣን ቤት ነው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። አከራያችን ዕቃችንን ደጅ ያወጣው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ክረምቱን እዚሁ፣ ከጆንያ መሀል ነው ያሳለፍነው። ያን ጊዜ እናትሽ «ልጄ ከእንግዲህ የራሷ ቤት ሳይኖራት አታድርም» ብላ ስትምል ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ውሸታሙም እኔው ሆንኩ። ብትሰማ ትሰበራለች ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። እንግዲህ ቤቱ ውሸት ከሆነ ሙቀቱ እንኳ እውነት ይሁን። ለዚያ ነው ቶሎ ሥሪው የምልሽ።

አጎትሽ

---

ኅዳር 16 ቀን

ለምወድህ አጎቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ሞቆኛል! ይህን ቃል ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ሁለት የዕረፍት ቀኖቼን ጨርሼ ሠራሁት። ቅጥያውን ነቀልኩ፣ ጋኗን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አሰርኩ። ናፍጣውን ለማሞቂያው የሚመጥነው ፖምፓ ያው አሮጌው ነው፤ ማሞቂያው ሲነድ ቲክ ቲክ ይላል፣ ድምፁን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሞተሩም ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። አብራኝ የምትሠራዋ አንሶላ አጣፊ ሴትዮ «ፊትሽ ተመለሰ» ብላኛለች። የት ሄዶ እንደነበር አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ብቻ። ከማሞቂያው ጋር የመጣው ወረቀት ጋኑ ከማሞቂያው ዝቅ ይበል ይላል። ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው እኔን አያውቀኝም፣ አንተ ታውቀኛለህ አልኩና ያንተን አደረግሁ።

መጋረጃው ደርሶኛል። እንዴት ያምራል! ባለ ሁለት ድርብ፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ። በቀንድ አውጣዋ መስኮት ላይ ቢሰቀል ግን መኪናዋን ከነጎማዋ ይሸፍናታል። አልጋውን ከፊት ወንበሮቹ እንዲለይልኝ አጥፌ ሰቀልኩት። ማታ ማታ ጠርዙን ይዤ ነው የምተኛው። እማዬ የተሰቀለበትን ፎቶ ላኪልኝ ብላለች፤ የምለው ጠፍቶኛል።

ልጅህ

---

ታኅሣሥ 3 ቀን
ከቤት

ለተወደድሽው ልጃችን፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ይህ ደብዳቤ በሳሎናችን፣ እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ የተጻፈ ነው። ነገ ማለዳ የሚነሳ መንገደኛ ስለተገኘ ፈጠን ብለናል።

የጎረቤታችን ልጅ ተድራለች። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። የእናትሽ ዓይን ከበፊቱ ይሻላል፣ ክር በመርፌ ራሷ ታስገባለች። ቤትሽ ስለሞቀልሽ ሁላችን ደስ ብሎናል። ልጄ፣ ከቤት ስትወጪ መዘጋት ያለበትን ሁሉ ዝጊ። አደራ። መዘጋት ያለበትን ሁሉ።

(እናትሽ እዚህ ጋ አቋርጣኝ «ምን ነካህ? በር መዝጋት ጠፍቷት ነው እንደ ሕፃን የምትመክራት?» ብላ ስቃብኛለች።)

እናትሽ እንዲህ ብለህ ጻፍ ትላለች፦ «ልጄ፣ ጣሪያሽ አያፍስስ፣ ግድግዳሽ አይሰንጠቅ፣ በደጅሽ ክፉ አይለፍ። የመጋረጃውን ፎቶ አደራሽን። ሳሎንሽን ሳላይ እንዳልሞት።»

እናትሽና አጎትሽ

---

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለምትናፍቁኝ እናቴና አጎቴ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስል አትሳቁብኝ፣ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ሥራ ቦታ ካውያ ቀኝ እጄን ትንሽ ነካ አድርጎኝ በጨርቅ ታስሯል። ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ዕረፍት አገኘሁበት።

እማዬ፣ መጋረጃው ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ ፎቶው ትንሽ ይቆየን። ቤቱ ደህና ነው። ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ጋሼ፣ አንተ ደግሞ አትጨነቅ።

ልጃችሁ

---

ጥር 12 ቀን
ከወፍጮ ቤት

ልጄ፤

ሰላምታውን በሌላ ቀን ያድርሰን። ደብዳቤሽን ሳሎን ውስጥ አነበብኩት። «ካውያ ነካ አድርጎኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቋረጥኩ። እናትሽ «አይዞህ፣ ካውያ ያላቃጠለው ተኳሽ የለም» ብላ አጽናናችኝ። እሷ እኔን! ከዚያ «ጋሼ፣ አትጨነቅ» የሚለውን አነበብኩላትና ተነስቼ ወጣሁ። ማንም ስለ ካውያ የሚጨነቅ የለም። ስለ ምን እንዳልጨነቅ ነው የነገርሽኝ?

ስለዚህ እኔ ልቅደም። የሳሎኑን ደብዳቤ በጻፍንበት ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚህ ነበርኩ። ወፍጮኛው ሥራውን ሲጨርስ እንደ ሁልጊዜው ወደ ግድግዳው እጁን ሰቀለና ከጋኑ ሥር ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ጠመዘዘው። ስንት ወፍጮኛ አስተምሬያለሁ፤ ሁሉም ሲወጡ ይዘጉታል፤ በር እንደመዝጋት ስለሆነ ማንም ለማንም አይነግረውም። የሰውየውን እጅ ሳይ ነው የባነንኩት። ላንቺ ስለ መዝጊያ አንዲት ቃል አልጻፍኩልሽም! ጋን ከላይ ተሰቅሎ መዝጊያ ከሌለው ናፍጣው አንቺ ሥራ ስትውዪ እሱም ሲወርድ ይውላል። አሮጌ ፖምፓ ደግሞ እየላላ ሲሄድ አያግደውም። ወረቀቱ ዝቅ ይበል ይላል ስትዪኝ ስቄ ነበር። ወረቀት ደግሞ ስለ ናፍጣ ምን ያውቃል ብዬ።

ቤት ስገባ እታለም ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርባ ጠበቀችኝ። አጠገቤ ሆና የጻፍኩትን ሁሉ ታስነብበኝ የለ? መዝጊያ ብል የምን መዝጊያ ትለኛለች። መዝጊያውን ከነገርኳት ጋኑን፣ ጋኑን ከነገርኳት መኪናዋን መናገሬ ነው። «መዘጋት ያለበትን ሁሉ ዝጊ» ብዬ በጎን ወረወርኩልሽና እሷ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ ሳቅሁ።

በነጋታው ከዚህ እጽፋለሁ አልኩ። ጀመርኩ፣ ቀደድኩት። ዕድሜዬን ሁሉ ሞተር ሳስነሳ ኖሬ መዝጊያ ረሳሁ ብዬ ለልጄ እንዴት ልጻፍ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «ለሞት ብቻ» ብለሽ የሰጠሽኝ የሥራ ቦታሽ ስልክ ቁጥርም ኪሴ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም። ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ ስንቱን የምመክር ሰውዬ!

እጅሽን ምን አቃጠለው? እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ነገር ደግሞ መልሺልኝ፤ የሳሎኑ ደብዳቤ የደረሰሽ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አጎትሽ

---

የካቲት 2 ቀን

ለምወድህ አጎቴ፤

እንደምን አለህ? በመጨረሻ የጠየቅኸኝን አልመልስልህም። ሁለተኛም አትጠይቀኝ።

የቀረውን ልንገርህ። ከሥራ ተመልሼ ማሞቂያውን ለኮስኩት። እንደ ወትሮው ቲክ ቲክ ማለት ሲገባው አጉረመረመና ነጭ ጭስ ከወለሉ ሥር ወጣ። ናፍጣው ቀኑን ሙሉ ተንጠባጥቦ የማሞቂያውን ሆድ ሞልቶት ኖሯል። ቀጥሎ ነበልባሉ በመጋጠሚያው በኩል ወደ መኪናዋ ውስጥ ገባ። የናፍጣውን ቱቦ አንቄ ለመያዝ እጄን ሰደድኩ፤ ቱቦው ከማሰሪያው አመለጠና ናፍጣው እጄ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን እጄ ያውቀዋል።

እሳቱን ያጠፋሁት በእማዬ መጋረጃ ነው። ትልቅና ድርብ ስለነበረ አልጋውንም ማሞቂያውንም አለበስኩትና ላዩ ላይ ወደቅሁበት። መስኮቱን በትክክል ለክቼ ቢሆን ኖሮ መሐረብ የሚያህል ጨርቅ ነበር የምትልክልኝ። በመዋሸቴ ተረፍኩ ብዬ እንዳልደሰት ደግሞ እሳቱ ራሱ ከውሸታችን የመጣ ነው። መሀሉ ነዶ ቀዳዳ ሆኗል። የምትሰፋበት ዓይኗ ትዝ ሲለኝ ከእጄ ይልቅ እሱ ያመኛል።

ይህን ለብቻህ አትሸከመው። ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደግሜ ልጠይቅህ ስችል ተወኝ፤ የተጠራጠርኩህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። አንተ ለእኔ አፈርክ፣ እኔ ላንተ አፈርኩ፤ መሀል ላይ ናፍጣው ወረደ።

አሁን አጣፊዋ ሴትዮ ቤት ነው ያለሁት። ሁሉንም ነገርኳት። «እናትሽስ?» አለችኝ። «አታውቅም» ስላት የታሰረውን እጄን አየችው። ሐኪሙ ትንሿና የቀለበት ጣቴ ላይታጠፉ ይችላሉ ብሏል። ካውያ በግራ መያዝ ተምሬያለሁ። ቀንድ አውጣዋን አንድ ባለሙያ አይቷታል፤ ጋኗ ወለሉ ሥር፣ ከማሞቂያው ዝቅ ብላ ከነመዝጊያዋ ታስራለች። ብርዱ ሳያልቅ እመለስባታለሁ።

ከዚህ ጋር ለእማዬ የተጻፈ ሌላ ወረቀት አለ። መኪናዋም፣ የሆቴሉ መስኮትም፣ እሳቱም፣ ያንተም የእኔም ዝምታ ሁሉም አለበት። ሳሎን ውስጥ፣ ጮክ ብለህ አንብብላት። አንድ መስመር እንዳትዘል።

ልጅህ

---

የካቲት 24 ቀን
ከቤት

ለምወድሽ ልጄ፤

አነበብኩላት። ለመሸሽ ሦስት ቀን አሞኛል ብዬ ተኝቼ ነበር፤ በአራተኛው እሷ ራሷ «ፖስታ መጥቶልሃል መሰለኝ፣ ኮትህ ኪስ ውስጥ አየሁት» አለችኝ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር አልዘለልኩም።

ስለ መኪናዋ አነበብኩላት። ስለ መስኮቱ አነበብኩላት። እሳቱ ጋ ስደርስ «የትኛው እጇ ነው?» አለች። «ቀኙ» አልኳት። የራሷን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ትንሿን ጣቷን፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቷን ይዛ ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። አንብቤ እስክጨርስ እንደዚያው ስታደርግ ቆየች።

ስጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ትረግመኝ ዘንድ ጓጉቼ ነበር፤ ቢያንስ ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረችና «ያን ዕለት እኔ አጠገብህ ባልቀመጥ ኖሮ ስለ መዝጊያው ትጽፍላት ነበር?» አለችኝ።

ከዓመት ወዲህ ለእህቴ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነው፦ «አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው ልጄን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ» አለች።

ምን ያላልኳት ነገር አለ! ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ትዕቢቴ ነው፣ በነጋታው መጻፍ እችል ነበር፣ መደወል እችል ነበር አልኩ። ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። «ቤት፣ ቤት፣ ቤት እያልኩ አስጨንቄያችሁ ነው፤ እንዳትነግሩኝ ያደረግኋችሁ እኔ ነኝ» ትላለች እንጂ አትሰማኝም። አንቺም እኔም ስንካፈለው የከረምነውን ጥፋት ነጥቃ ለብቻዋ ተሸከመችው። ምግብ አልበላ ብላለች። ጎረቤት ሲመጣ ተኝታለች በሉልኝ ትላለች።

ዛሬ ይህን ልጽፍልሽ ስቀመጥ እንደ ደንባችን «መርቂያትና ልጻፍ» አልኳት። «በየትኛው አፌ?» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ምርቃት የለውም፤ ስታነቢው እንዳትደነግጪ ነው የምነግርሽ።

ልጄ፣ ነይ። ሥራውንም መኪናዋንም አቆይተሽ ነይ። ያንን እጅሽን እጇ ላይ አድርጊና «አንቺ አይደለሽም» በያት። እኔ ቀን ከሌት እላታለሁ፤ አላምንህም አለችኝ። ምን ብላ ትመነኝ?

አጎትሽ